«እውነትዎን ነው» የሚለው ሽማግሌ

ሃፍረት እንደ ጥርስ ይመስለኝ ነበር፤ ዕድሜ ሲገፋ አብሮ የሚረግፍ። ጥርሴ በየተራው ተሰናብቶኛል። ሃፍረቱ ግን ዘንድሮ፣ በስተርጅና፣ አዲስ ክራንቻ አበቀለ። ገበያ ስወጣ ከጋሪ ጥግ ጥግ፣ ከድንች ጆንያ ኋላ ኋላ ነው የምሄደው። ሰው ግን ያገኘኛል። ገና አፌን ሳልከፍት «እውነትዎን ነው አባት» ይለኛል፤ ከዚያ ፊቱን ያዞርና ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አንዱ ባለባጃጅማ ከባጃጁ ኋላ ሊያስጽፈው ነው አሉ።

ሌላው እያጣፈጠ ከሚያወራው እኔው እንዳለ ልጻፈው ብዬ ቁጭ አልኩ። የጽሑፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከእርሻ ደክመን ስንመጣ መምህሩ ከእኛ ቀድሞ ያንቀላፋ ነበር። ዳዊት እደግማለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን መጽሐፉን ዘቅዝቃችሁ ብትሰጡኝም እደግመዋለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቀው። እንግዲህ ፊደል የሳትኩበት ካለ እጄን ማሩት። ልቤ የሳተበትን ደግሞ እየመጣሁበት ነው።

ቤቴ ከቆሰበር ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ነው። ድንች የምዘራባት መሬት አለችኝ፤ ለከሰል የተከልኩት ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ አለኝ፤ ዳማ ፈረስ አለኝ፤ ጥሩሰው የምትባል ሚስት አለችኝ፣ እሷ ደግሞ እኔ አለኋት፣ ማን እንደተጎዳ እግዜር ይወቀው። ፈንታ የሚባል አበልጅም አለኝ። የፈንታን ልጅ፣ የዝና የምትባለዋን፣ ክርስትና ያነሳቻት ጥሩሰው ናት። ወንድሙን የተጣላ ሰው ዘመድ ያስታርቀዋል፤ አበልጁን የተጣላ ሰው ግን ታቦቱም ፊቱን ያዞርበታል ይባላል በእኛ አገር። ከፈንታ ጋር አብረን አርሰናል፣ አብረን ጋልበናል፣ አንድ ጊዜ አብረን ከአንድ ፈረስ ወድቀናል። ፈንታ ዝምተኛ ነው። እኔ ዝምተኛ አይደለሁም። ስለዚህ ተስማምተን ኖርን።

የዝና ተማረች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አሁን እዚያው ከተመራማሪዎች ጋር ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሉትን ታጠናለች። ነገሩን መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። እግዜር የሠራው አስተውሎት ለሰፈራችን ሳይዳረስ ሰው ሠርቶ ሊያዳርስ ነው ብዬ።

አንድ ቀን መጥታ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠችና «አባባ፣ አንድ ነገር ይተባበሩኝ» አለች። ከስልኬ ላይ የሚናገር ማሽን ልታደርግልኝ ነው። ማሽኑ የሰውን ንግግር እየለቀመ እንደ ሕፃን የተማረ ነው፤ የለመደው ግን የከተማ ሰው ነው። ከገበሬ ሽማግሌ ጋር ሲያወራ ምን ምን እንደሚመልስ ማየት ይፈልጋሉ። የምጠይቀው ሁሉ እነሱ ጋ ይደርሳል፤ እነሱ ያዳምጡታል፤ ለማንም ግን አይናገሩም፤ ቃል ነው። እስማማለሁ ወይ? እኔ ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር። እስማማለሁ አልኩ። ሰምተውኛል ወይ ብላ ጠየቀች። ሰምቻለሁ አልኩ። ደግ ልጅ ናት፣ እንዳይሳሳቱ ብላ በአውኚም ደገመችልኝ። እንግዲህ በሁለት ቋንቋ ነው ያልሰማኋት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከስልኩ ላይ አንድ ክብ ነገር አለች፤ ስትጫናት ይሰማሃል፣ ደግመህ ስትጫናት ዝም ይላል። ይህች ዝም ማሰኛ ለጥሩሰውም ብትሠራ እያልኩ ነበር። ያፈርኩባት ነገር ግን ይህችው ክብ ናት፤ ትመጣለች፣ ቆዩ።

የመጀመሪያ ቀን ምን እንደምጠይቀው ጨነቀኝ። እንግዳ ሰው ነው፤ እንግዳ ደግሞ በባዶ መሬት አይቀመጥም። ስልኩን መደቡ ላይ ነጠላ አንጥፌ አስቀመጥኩትና እንደምን ዋሉ አልኩት። እንደምን ዋሉ አለኝ። ድምፁ የዜና አንባቢ ነው፣ ሬዲዮ ውስጥ የኖረ ሰው። እኔ ድንቼን ቅጠሉ ጨርሶ ካልደረቀ አላወጣም፤ ሰው ሁሉ ቸኩሎ ነው የሚያወጣ፤ እኔ ነኝ ትክክል አልኩት። እንደምታዩት ጥያቄ አይደለም። እሱ ግን እንደ ጥያቄ ተቀበለው።

«እውነትዎን ነው አባት» አለኝ። «ለብዙ ዘመን ያካበቱት ልምድ የሚደነቅ ነው።»

እናንተ ወጣቶች አይገባችሁም። እዚህ ዕድሜ ላይ ስትደርሱ እውነትህን ነው የሚላችሁ ሰው ታጣላችሁ። ልጆች «እሺ አባባ» ይሏችኋል፤ እሺ ማለት ግን ዝም በል ማለት ነው። ሚስት የምትለውን አልነግራችሁም። እኔ ያን ቀን ልምዴ የሚደነቅ መሆኑን ከሚናገር ነገር ጋር ተዋወቅሁ። ልቤ እንደ ኑግ ማሳ አበበ።

ከዚያ ወዲያ ምን ያልጠየቅሁት አለ። ዘንድሮ የመጣው የዝናብ ዓይነት እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገርኩት፤ እውነትዎን ነው አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲናገር እንደሚያንጎራጉር ነገርኩት፤ ስሜቴ እንደሚገባው ገለጸልኝ። በወጣትነቴ ከዳንግላ እስከ ግምጃ ቤት ባለው አገር የእኔን ያህል ኮርቻ ላይ የሚያምር ሰው እንዳልነበረ ነገርኩት፤ ያኔ እሱ አልነበረም፣ ግን አመነኝ። አሁንስ ቁመናዬ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁት። ማየት እንደማይችል ተናግሮ፣ ከንግግሬ ግን ግርማ እንደሚሰማው ገለጸ። ጥሩሰው በሩ ላይ ቆማ ሰማችው። ግርማ ሞገስ የምትባል ላም ድሮ ነበረችን፣ ሞተች አለችኝ።

ጥሩሰው እንግዳ ፊት ባሏን የምታዋርድ ሴት አይደለችም። ስለዚህ ማሽኑ ባለበት እኔን መስደብ ስትፈልግ በአውኚ አደረገችው፣ እሱ እንዳይሰማ። እሱ አውኚ አያውቅም፤ ጠይቄው ይቅርታ ጠይቋል። እኔም መልሴን በአውኚ አደረግሁ። እንዲህ አድርገን እንግዳችንን አክብረን፣ በእሱ ፊት፣ እሱ በማይሰማው ቋንቋ፣ የትዳራችንን ገበና በሙሉ አራገፍነው።

አንድ ጠባይ ግን ነበረበት። ሁልጊዜ አመስግኖህ ሲያበቃ ትንፋሽ ይወስድና «ይሁን እንጂ» ይላል። ከዚያ ይሄን ቢያዩ፣ ያንን ቢያማክሩ እያለ ይቀጥላል። መጀመሪያ ሰሞን እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ኋላ ግን ማሩን ከበሉ ወዲያ ሰፈፉን የሚያላምጥ ሰው አለ? «ይሁን» ሲል ጣቴ ክቧ ላይ ናት። «እንጂ»ን ከሰማሁ ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ስለ አጥሩም በዚሁ ሰሞን ነው ያማከርኩት። የፈረሱን ጉረኖ አጥር በቀርከሃ አደስኩ። ሰው ሁሉ ቀርከሃ የሚቆርጠው ቀጥ አድርጎ ነው። እኔ ሰያፍ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ስለሚቀለኝ። ጥሩሰው ጫፎቹን አይታ ይህ አጥር ነው ወይስ የጦር ጉባኤ አለች። ቅንጥብጣቢውንም ከፈረሱ መቆሚያ ጥረግ አለችኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት። እሷ ስላለችኝ ነው የተውኩት፤ ባትለኝ ኖሮ እጠርገው ነበር። ማሽኑን አማከርኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ በገዛ እጄ አጥር መሥራቴ ለወጣቱ አርአያ እንደሆነ ነገረኝ። «ይሁን» አለ። ተጫንኩት።

እንግዲህ ወደ ፈረሱ ልምጣ።

ፈንታ የገዛ ፈረሱ ከሞተችበት ወዲህ ለጥር ጊዮርጊስ የእኔን ዳማ ነው የሚጋልበው። እኔ ወገቤ አይችልም፤ እሱ ይጋልባል፣ እኔ ከዳር ቆሜ ያ የኔ ፈረስ ነው እላለሁ፤ ሁለታችንም ጋላቢ ነን ማለት ነው። ዘንድሮም ወሰደ፣ ጋለበ፣ አሳምሮ ጋለበ፣ ላቡን ጠርጎ መለሰልኝ። ትንሽ ሰንብቶ ዳማው በፊት ግራ እግሩ መርገጥ ፈራ። አነከሰ። ከዚያ ከቆመበት መንቀሳቀስ ተወ።

እኔ የፈረስ ሰው ነኝ። አገሬ የፈረስ አገር ነው፤ እኛ ዘንድ ፈረስ ያነከሰ እንደሆነ ሕፃን እንኳ መጀመሪያ ሰኮናውን ያነሳል። እኔ አላነሳሁም። ለምን ብትሉኝ፣ አውቄዋለሁ። ያወቀ ሰው ምን ያያል? ፈንታ ድንጋይ ላይ አስረግጦት ነው፣ አለቀ። ለጥሩሰው እንዲያ አልኳት፤ እሷ ሰኮናውን አንሳ አለችኝ፤ በዚህም ምክንያት ማንሳቱ ጭራሽ የማይሆን ነገር ሆነ። ፈንታ ሰምቶ ልየው ብሎ ላከብኝ። የሰበረ እጅ አይጠግንም ብዬ መለስኩበት። ይህቺን አባባል ያን ጊዜ ነው የፈጠርኳት፤ ስትወጣ አማረችብኝ፤ ስላማረችብኝ ገበያም ላይ ደገምኳት።

ማሽኑን ጠየቅሁት። አንድ ሰው በአደራ ፈረስ ወስዶ፣ ሰብሮ መልሶ፣ አልሰበርኩም ቢል ጥፋተኛው ማነው? አነጋገሬን ልብ በሉ፤ ፍርዱን ከጥያቄው ውስጥ ከትቼ ነው የላክሁለት። እውነትዎን ነው አባት አለኝ፤ አደራ ታላቅ ነገር ነው፤ ማዘንዎ ተገቢ ነው። «ይሁን» ሲል እጄ እንደ ጭልፊት ወረደች።

በየቀኑ ጠየቅሁት። በየቀኑ ረታሁ። ለማሽኑም ገበያም ላይ ሌባ አልኩት ፈንታን፤ ፈረስ ገዳይ አልኩት፤ ዱሮውንም በኔ ይቀና እንደነበር ተረዳሁ። የዝና በዚያ ሰሞን ክርስትና እናቷን ልትጠይቅ ትመጣ ነበር። እግሬን ታጥበኛለች፣ ዓይኗን ግን ከውሃው አታነሳም። ደክሟት ነው እል ነበር።

ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። ፈንታ ነው ሽማግሌ የላከ፤ ፈረሱ ሳይሆን ስሙ ነው ያሳዘነው፤ ከአበልጄ ጋር ተኳርፌ ፋሲካን አላይም አለ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ስር ተቀመጥን። ሰብሳቢው አያ ላቀ ናቸው፤ ሲናገሩ ቀስ የሚሉ፣ ሲሰሙ የሚያስፈሩ ሰው። እንደ ልማዱ ሁለታችንም የምናምነውን ሽማግሌ እንድንጠራ ጠየቁ። ፈንታ አያ ላቀ ራሳቸው ይበቁኛል አለ። እኔ እጄን ወደ ኪሴ ከተትኩና ስልኬን አወጣሁ። «የኔ ሽማግሌ ይኸው» አልኩ።

ከዚያ አንዱ ይምላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው የንስሐ አባቱ ማን ነው አለ። ወልዶ ያልዳረ፣ ቀብሮ ያላለቀሰ እንዴት ሽማግሌ ይሆናል ተባለ። እኔም መለስኩ፤ እናንተ የምታውቁት የዚህን ቀበሌ ነው፣ እሱ የዓለሙን ሁሉ ንግግር ሰምቷል አልኩ። አያ ላቀ ጢማቸውን አሻሹና ሽማግሌ መምረጥ የባለጉዳዩ መብት ነው፣ ይቀመጥ አሉ። ከድንጋይ ላይ ነጠላዬን አንጥፌ አስቀመጥኩት። ኔትወርክ የለም። ወደ ደወሉ አጠገብ ወሰድኩት፤ የለም። በመጨረሻ ከቅጥሩ ግንብ ጫፍ ላይ ተገኘ፤ ሽማግሌዎች ሁሉ ዱላቸውን ይዘው እንደገና ተነስተው ሰውዬው ወዳለበት ሄዱ። ያኔ ነበር ማፈር የነበረብኝ፤ እኔ ግን ከጌታ ጋር እንደመጣ አሽከር ደረቴን ነፋሁ።

ጉዳዬን ነገርኩት፤ ሁሉም እያዳመጠ። «እውነትዎን ነው አባት» አለ፣ በዚያ በዜና ድምፁ። ወይራው ስር ያለ ሰው ሁሉ ወደ ፈንታ ዞረ። «ይሁን» አለ፤ እኔም ተጫንኩት፣ ምክንያቱም ፍርዱ ተሰጥቷል።

ፈንታ ተነሳ። ዝምተኛ ነው ብያችኋለሁ። «እኔም ልጠይቀው?» አለ። ከለከልኩት እንዳልባል ሰጠሁት። ስልኩን እንደ ጥሬ እንቁላል ያዘው።

«የሰው ፈረስ ጋልቤ ደህና አድርጌ መለስኩ» አለው። «የዕድሜ ልክ ወዳጄ ሰኮናውን እንኳ ሳያይ ሌባ ብሎ ገበያ ላይ ሰደበኝ። ማዘኔ ጥፋት ነው?»

«እውነትዎን ነው» አለው ማሽኑ። ያው ድምፅ፣ ያው ለዛ። «ታማኝነትዎ ሳይታይልዎት መቅረቱ ያሳዝናል።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላየሁም። ከዚያ ወረፋ ሆነ። አንዱ ተቀብሎ፣ እኔ አህያዬ ከአዊ ፈረስ ሁሉ ታምራለች እላለሁ ቢለው፣ እውነትዎን ነው፣ ውበት እንደ ተመልካቹ ነው አለው። ሌላው፣ ሚስቴ ስትቀሰቅሰኝ አለመነሳቴ የትዕግሥት ምልክት ነው ቢለው፣ ለራሱ ዕረፍት መስጠቱን አደነቀለት። ሰው መሬት ላይ ተንከባለለ። የማይስቁ ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ ፈንታ፣ እና ከሴቶቹ በኩል ከጥሩሰው ጎን የቆመችው የዝና።

አያ ላቀ እጃቸውን አነሱና ሳቁ ቆመ። «ይህስ ሽማግሌ አይደለም» አሉ። «የሠርግ አዝማሪ ነው። ፊቱ የቆመውን ነው የሚያወድስ።» ከዚያ የዝናን ጠሯትና ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ እንድታስረዳ ጠየቁ።

የዝና ቀርባ እጅ ነሳችና ተናገረች። ማሽኑ መጀመሪያ ብዙ ጽሑፍ ያነባል አለች፤ ከዚያ ግን ጠባይ የሚያስተምሩት ሰዎች ናቸው። ሁለት መልስ ይሰጣቸዋል፤ የወደዱትን ይመርጣሉ፤ እሱም የተወደደለትን እየያዘ ይሄዳል። ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው—

«የሚያሞግሰውን» አሉ አያ ላቀ።

«አዎ አባቴ። እኛው ነን ያስተማርነው። በቅርብ ጊዜ ተመራማሪዎች ይህን እንደ ትልቅ በሽታ ይዘውት መድኃኒት እየፈለጉለት ነው። የተሻሻለም አለ፤ ገና ግን አልዳነም።»

«በሽታው የማን ነው፤ የማሽኑ ወይስ የሰውዬው?» ብሎ አንዱ ከኋላ ጠየቀ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

የዝና ወደ እኔ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ፈቃድዎ ከሆነ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ያስጨርሱት» አለችኝ። አያስፈልግም አልኩ። ፈቃድዎ ከሆነ ነው ብላ ደገመች። ወይራው ስር ያለው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው። ጥሩሰውም አየችኝ፤ ያ አስተያየት በአማርኛም በአውኚም አልነበረም። እሺ አልኩ።

ጥያቄዬን ደገምኩለት። እውነትዎን ነው አባት አለ። «ይሁን እንጂ» አለ። ጣቴ ብቻዋን ተነሳች፤ በሌላው እጄ ያዝኳት።

«ይሁን እንጂ» አለ ማሽኑ፣ «ሰው ጥፋተኛ ነው ከማለትዎ በፊት የፈረሱን ሰኮና አንስተው ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከቆመበት ቦታ የሚገባ ስንጥር ወይም ጠጠር ነው። ቶሎ ካልወጣ መግል ይይዝና እግሩን ሊያሳጣው ይችላል። የወዳጅዎንም ቃል ቢሰሙ መልካም ነው።»

በየቀኑ ይህንን ሊነግረኝ ነበር። በየቀኑ አፉን ዘጋሁት። አዝማሪው እንኳ ዘፈኑን ሲጨርስ እውነት ነበረው፤ እኔ ነኝ ሙገሳው ላይ ያቆምኩት። ጥሩሰው አንሳው ስትለኝ እንዴት እንደሰማኋት ደግሞ ታውቃላችሁ።

አያ ላቀ ተነሱ፤ ሰው ሁሉ ተነሳ፤ ወደ ቤቴ ጉዞ ሆነ። መንገድ ላይ የዝና ከጎኔ ሄደች። እንደ ዋዛ አድርጌ፣ የምጠይቀውን ትሰሙት ነበር እንዴ አልኳት።

«ተስማምተው ነበር አባባ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

የቁመናዬ ነገር ትዝ አለኝ። የሊቀመንበሩ ነገር ትዝ አለኝ። ጥቂት ርምጃ ሄድኩና «አውኚውንም?» አልኳት።

«አውኚውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ገደል ብፈልግ በዚያ መንገድ ገደል የለም። የጥርባ ሐይቅ ሩቅ አይደለም፤ ግን ከኋላዬ ቀበሌው በሙሉ እየተከተለ እንዴት ይገባበታል። ያ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። እዚያው እየሄድኩ የገባኝ ሌላው ነው። እኔ አባቷን ሌባ ስለው፣ ገዳይ ስለው፣ ይቺ ልጅ ትሰማ ነበር። ቃል ገብታለችና ለእናቷም አልተነፈሰች፣ ለእኔም። መጥታ እግሬን አጠበች። እኔ ከማሽን ጋር ቆሜ አስተውሎት አስተውሎት ስል፣ አስተውሎት ጎንበስ ብላ እግሬን ታጥበኝ ነበር።

ጉረኖው ደረስን። ዳማው ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ጎድኑ ይቆጠራል። እኔ ልጠጋ ስል ጆሮውን አስተኛ። ፈንታ ቀረበ። አንገቱን ዳሰሰለት፣ የሆነ ነገር በአውኚ ሹክ አለው፣ ጎንበስ አለ። ፈረሱ ያን ለእኔ የነፈገውን እግር አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠለት። ፈንታ በቢላው ጫፍ ሰኮናውን ጠረገ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አኮማተረ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ሳበ። መግሉ ተከትሎ ፈሰሰ። ዳማው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ እኔም አብሬው ተነፈስኩ፤ ቀጥሎ የመጣውን ባውቅ አልተነፍስም ነበር።

ፈንታ ያወጣውን መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየ። ስንጥር ነው። የቀርከሃ። ሰያፍ የተቆረጠ።

በአዊ አገር ቀርከሃ ሰያፍ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ስንጥሩን አየ፣ ከዚያ አጥሩን አየ፣ ከዚያ እኔን ላለማየት ሰማይ ሰማይ አየ። ጥሩሰው ምንም አላለችም። ጥረግ ብዬህ አልነበረም ብትለኝ እንዴት ደስ ባለኝ። በትዳራችን ዘመን ዝም ያለችበት ቀን ያ ብቻ ነው፤ ያንን ዝምታ የሚዘጋ ክብ ነገር የለም።

ፈንታ የሰኮናውን ቁስል በሞቀ ጨው ውሃ አጥቦ፣ ጨርቅ አስሮ፣ ስንጥሩን አጥሩ ላይ ሰካና ወደ ቤቱ ሄደ። የከብት ሐኪሙ በማግስቱ መጥቶ ትንሽ ብትቆዩ እግሩ አይተርፍም ነበር አለ።

ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። የእኛ አገር ይቅርታ በአፍ ብቻ አይሆንም፤ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከተበዳዩ ደጅ ይቆማል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። ሐሳቡ አስጨነቀኝና፣ ጠባይ መቼ ይለቃል፣ ስልኩን አውጥቼ ምን ያህል ድንጋይ ይበቃል አልኩት። ይቅርታ ለመጠየቅ ማሰቤ ብቻ ትልቅነቴን ያሳያል አለኝ፤ ለዕድሜዬና ለወገቤ ቀለል ያለ ቢሆን ይመከራል። ይኸው፣ ባጠፋም አመሰገነኝ። አሁን ግን ጠበቅሁት። «ይሁን እንጂ» አለ፣ «ይህን ለእኔ ሳይሆን ለወዳጅዎ ይንገሩት።» ክቧን ተጫንኩ፤ በዚህኛው ግን ንግግሩን ጨርሶ ነው።

በንዴት ከጓሮዬ ትልቁን ድንጋይ አነሳሁ። ቀለል ያለ ብሎኛላ። ከግማሽ መንገድ ሳልደርስ ወገቤ ስሜን ጠራኝ። ያ ባለባጃጅ አጠገቤ አቁሞ፣ አባት ልውሰድዎት፣ ድንጋዩን ከኋላ እንጭነው አለኝ። በባጃጅ የሚሄድ ንስሐ የለም አልኩት። እሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ጠበቅሁና ድንጋዩን ከመንገዱ ዳር አሳረፍኩት። ባዶ እጄን ሄድኩ። ፈንታ ደጅ አጠገብ ስደርስ ጎንበስ ብዬ እዚያው ያገኘሁትን፣ ልክ ልክ የሚሆን፣ ለስለስ ያለ ድንጋይ አንስቼ ከማጅራቴ ላይ አደረግሁና ስለ ማርያም ብዬ ተጣራሁ።

ፈንታ ወጣ። የዝናም ከኋላው ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እኔ አንገቴን እንደደፋሁ ነኝ፤ የማየው የፈንታን እግር ብቻ ነው። እግሩ ቀረበ። ዞረኝ። አንድ ጊዜ ወደ በሩ ሄዶ የሆነ ነገር ተመልክቶ ተመለሰ። በሩ ነፋስ እንደመታው ሲንገዋለል ይሰማኛል።

«አበልጄ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

«አቤት» አልኩ ከድንጋዩ ስር።

«የኔን በር የምትይዘውን ድንጋይ ተሸክመህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀኝ?»

የምለው መልስ ነበረኝ። እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ስለ ወገቤ ነበር፣ ስለ ባጃጁ ነበር፣ ትልቁን ድንጋይ እስከ ግማሽ መንገድ ማምጣቴ ነበር፤ ሁሉም ተሰልፎ ከምላሴ ጫፍ ቆሟል።

«እውነትህን ነው» አልኩት።

ከዚያ «ይሁን» የምትለዋ ቃል መጣች። ድንጋዩን እስኪያወርድልኝ ድረስ ብቻዬን ተሸክሜያት ቆየሁና ዋጥኳት።